እንባ በደም አይወረስም

በበዓል ሰሞን የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ላይ የማይቀር አንድ ትርዒት አለ። ዶሮ ወጡ ከቀረበ፣ ዳቦው ከተቆረሰ፣ ቡናው ከአቦል ቶና ከደረሰ በኋላ አንድ ክራር ደርዳሪ ብቅ ይልና ትዝታ ይጀምራል። ካሜራው ብዙም አይቆይበትም፤ ከጣቶቹ ላይ ተነስቶ ወደ እንግዶቹ ይዞራል። ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ከሚነቀንቁት መካከል አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረግ ስታደርግ ይይዛታል። አቅራቢው ማይክሮፎኑን አስጠግቶ «ምን ተሰማሽ?» ይላል። መልሱ ከአምናውና ከካቻምናው አይለይም፤ «ምን ላድርግ፣ ትዝታ እኮ በደማችን ውስጥ ነው ያለው!» ጭብጨባ ይከተላል፤ ከዚያ ማስታወቂያ።

እኔ ከእንባው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከደሙ ጋር ነው። «በደማችን ውስጥ ነው» የሚለው አባባል ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል፤ ዘፈኑንም ሕዝቡንም ያከበረ ይመስላል። ቀስ ብለው ሲያስቡት ግን ክስ የተሸከመ ምስጋና ነው። በደም ያለ ነገር አይማሩትም፤ ስለማይማሩትም አስተማሪ አያስፈልገውም፤ አስተማሪ ባይኖርም የሚጠየቅ የለም። ታዲያ ትዝታ ሲዘፈን ዐይኑ ደርቆ የተቀመጠ ሰው ቢገኝ ምን እንበለው? ደሙ ነዋ የጎደለው! ማንም ሳያስተምረው ፈተና ላይ ተቀምጦ የወደቀ ተማሪ ማለት እሱ ነው።

አንድ ወዳጄ አለ፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር። እኩዮች ነን። ለዕረፍት መጥቶ ሳለ አንድ ነገር አጫወተኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነውን ልጁን ይዞ በመኪና ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዝ የካሳ ተሰማን ክራር ከፈተለት። ሆን ብሎ ነው፤ «እስቲ የአባቱን ነገር ይስማ» ብሎ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጓዙ ልጁ በትሕትና፣ «አባዬ፣ ይሄ ዘፈን አሁንም ያው ነው ወይስ ሌላ ጀምሯል?» ሲል ጠየቀ። አባት መልስ አልሰጠም። ዘፈኑን ዘጋው። ፊላደልፊያን እስኪያልፉ ድረስ ሁለቱም አልተነጋገሩም። «ልጄን ነጠቁኝ» አለኝ ወዳጄ፤ «ደሙ የኔ ነው፣ ልቡን ግን ፈረንጅ ወስዶታል።»

እኔን ግን የልጁ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። ጨዋ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛም ነው። ልጁ ያደገባቸው ዘፈኖች በየግማሽ ደቂቃው አንድ ነገር ይቀያይራሉ፤ አዝማቹ ይመጣል፣ ምቱ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ትዝታ እንዲህ አይደለም። ከጀመረበት ቅኝት አይወጣም፤ አንዱን የዜማ ሐረግ እየደጋገመ ያሽከረክረዋል። ለውጡ ያለው በግጥሙና በድምፁ እጥፋት ውስጥ ነው፤ ዘፋኙ አንዲቷን ቃል የት ላይ እንዳጠፋት፣ የት ላይ እንደሰበራት፣ የት ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው። አማርኛው ላይ ላዩን ብቻ ለሚገባው፣ እጥፋቱን ለማያውቅ ጆሮ «ያው» ነው። እኛም የሕንዶችን ረጅም ዜማ ስንሰማ «ያው» ነው የምንለው፤ እንዲያውም አንጠይቅም፣ ጣቢያ እንቀይራለን። ልጁ የጠየቀው የመጀመሪያ ቀን ተማሪ የሚጠይቀውን ነው። መልስ ያጣው አባቱ ነው። ይህንኑ ለወዳጄ ልነግረው ጀምሬ እራት ቀረበና ተቋረጠ፤ እዚህ ልጨርሰው።

ደሙን ለጊዜው ትተን ድምፁን እንመርምር። ሜጀር ትዝታ የምንለው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ከዶ ከተነሳን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስቱም የግል ንብረታችን አይደሉም። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ ይሠሩባቸዋል፤ የስኮትላንድ የባላገር ዜማም ሞልቶባቸዋል። ፈረንጆች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዘፍኗት «ኦልድ ላንግ ሳይን» የምትባል ዘፈን አለች፤ ሮበርት በርንስ የተባለው የስኮትላንድ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1788 ከቆየ ዘፈን ተነስቶ የጻፋት ናት። ዜማዋ ከነዚሁ ከአምስቱ ድምፆች አይወጣም። ይህችው ዜማ እ.ኤ.አ. በ1881 በጃፓን የትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ገባች፤ ቃሏ ተለወጠና ተማሪዎች ተመርቀው ሲለያዩ የሚዘምሯት ሆነች። መደብር ሊዘጋ ሲልም በዋልትዝ ምት ተቀናብራ በድምፅ ማጉያ ትለቀቃለች፤ ገበያተኛው ገና ሲሰማት ዕቃውን ይዞ ወደ ሒሳብ መክፈያው ይቸኩላል። ኮሪያዎች ደግሞ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ ብሔራዊ መዝሙራቸውን ይዘምሩ የነበረው በዚችው ዜማ ነው።

እንግዲህ አንዲት ዜማ ናት። ኤዲንብራ ላይ ታስተቃቅፋለች፤ ቶኪዮ ላይ ከሱቅ ታስወጣለች፤ ሴኡል ላይ በአክብሮት ታስቆም ነበር። የቱ ነው የድምፆቹ እውነተኛ ስሜት? የአዲስ ዓመት ስካር ነው፣ የአገር ፍቅር ነው፣ ወይስ ሒሳብ ከፍሎ መውጣት?

«እሱ ሜጀሩ ነው፤ ማይነሩ ግን በራሱ ያስለቅሳል» የሚለኝ አይጠፋም። ማይነር ትዝታ፣ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ የሚገኘው ነው። እርግጥ ነው፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጃፓኖች «ኤንካ» የሚሉት የናፍቆት፣ የመለያየትና የመጠጥ ቤት ዘፈን ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ቅኝት ከማይነር ትዝታ ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ለዕረፍት ጃፓን ሲወርዱ የሰሙት ዘፈን ባዕድ ሆኖባቸዋል ብዬ አላምንም፤ ጥላሁን ገሠሠም «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ ዘፍኗል። «ይኸው! ሐዘኑ ድምፁ ውስጥ ነው» እንበል? ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ደግ ነበር። ጃፓኖች ያንን ቅኝት የሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1868 በኋላ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ካዞሩ ወዲህ ነው። የፈረንጁን ማይነር ወሰዱና አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ነቀሉለት። ስሙም ያንኑ ይናገራል፤ «ዮናኑኪ» ይሉታል፣ አራትና ሰባት የወጡለት ማለት ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በማያውቁት ቅኝት የልጅ ልጆቻቸው «የጃፓን ልብ» እያሉ አለቀሱበት። ደም በሁለት ትውልድ እንዲህ ተሎ የሚለወጥ ከሆነ ደም መባሉ ለምን አስፈለገ?

ታዲያ እንባው ከየት ይመጣል? ከተባለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መጀመር ይቀናኛል። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠሩት ዜማዎች ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። የሦስተኛው ስም ራሱ ማራራትን፣ ልብ ማባባትን ይናገራል። ነገር ግን አባቶች ስም አውጥተው ብቻ አልተዉትም፤ ለስሜቱ ጊዜ አበጁለት። በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ ሲባል ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽል አይንሿሿም፤ መቋሚያው ብቻ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። የምእመኑም ቤት እንደዚያው ነው፤ ዘፈኑ ይዘጋል፣ በገናው ይከፈታል። ሃምሳ አምስት ቀን! ከዚያ በፋሲካ ሌሊት ያ ከበሮ ሲመታ፣ በልጅነቱ በእናቱ ነጠላ ሥር እያንቀላፋ የሰማው ሰው ሸምግሎም፣ ደጀ ሰላሙን መሳለም ትቶም ቢሆን፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይልበታል። ከበሮው ያው የጥምቀቱ ከበሮ ነው፤ በዚያች ሌሊት የተለየ ቆዳ አልተወጠረለትም። ስሜቱን የሠራው ዝምታው ነው። ረሃቡ አለበት። የጧፉ ሽታ፣ የእናትየዋ ፊት፣ «ተነስ፣ ደረሰ እኮ» የምትለው ሹክሹክታዋ አለበት። ወሎ ውስጥ በመንዙማና በድቤ መካከል ያደገ አንድ ባልደረባዬ ስለ መውሊድ ሌሊት የሚነግረኝ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሌላው ትምህርት ቤት ለቅሶ ቤት ነው። የገጠሩን ለቅሶ ያየ ያውቀዋል። ሙሾ አውራጇ ገና እንደደረሰች አታለቅስም። አስቀድማ ትጠይቃለች፤ ሟቹ ምን ይወድ ነበር? የት የት ደርሶ ነበር? ከልጆቹ ማን ነው ሳይደርስለት የቀረው? ያንን ሁሉ በልቧ ይዛ ከመሃል ትቆምና በዜማ ትገጥመዋለች። ሌሎቹ ይቀበላሉ። ደረት ይመታል። ሟቹን በቅጡ የማያውቅ ጎረቤት እንኳ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ለወጉ ሲል አብሮ ይላል፤ አራተኛው ላይ የራሱ ሙት ትዝ ይለውና እንባው ዱብ ዱብ ማለት ይጀምራል። ልጆች በእናቶቻቸው ጉልበት መካከል ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። የትኛው ድምፅ ሲመጣ የትልቅ ሰው ፊት እንደሚለወጥ የሚማሩት እዚያ ነው።

ከተሜው ይህንን «ማስመሰል» ይለዋል። እኔ አልለውም። ወጉ ቀድሞ ስሜቱ ቢከተል ስሜቱ ውሸት ነው ያለው ማን ነው? በቅኔ ማኅሌትም ያው ነው። ቅኔው ሲቀርብ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፤ ገና ቅኔ ቆጠራ የጀመረው ተማሪም አብሮ «ይበል» ይላል። ወርቁ አልታየውም፤ ሰሙም ገና እየዞረበት ነው። ግን ይላል። ጉባኤ ቃናውን፣ ያቺን ባለ ሁለት ቤቷን ቅኔ፣ እየቆጠረ፣ የኔታ እያረሙት፣ ሲበላሽበት ጓደኞቹ እየሳቁበት ይከርማል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን «ይበል» ከአፉ የሚወጣው ከሊቃውንቱ እኩል፣ ሳያስበው ይሆናል። አስመሳይ የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። (የቴሌቪዥኑን ካሜራ አላልኩም። እሱን አልከላከልለትም።)

ሳይንሱስ ምን ይላል ለሚል፣ ሳይንሱ እንደ ልማዱ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ያካፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት ቦሊቪያ ውስጥ በአማዞን ደን የሚኖሩት ቺማኔዎች፣ ፈረንጅ «ጣፋጭ» የሚለውን የድምፆች ጥምረትና «ጆሮ የሚቆረቁር» የሚለውን ሲያሰሟቸው ሁለቱንም እኩል ወደዷቸው። ይሄ ለኔ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ፣ የምዕራብ ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የማፋ ሰዎች የፈረንጅ ዜማ ተሰምቷቸው የቱ ደስታ፣ የቱ ሐዘን፣ የቱ ፍርሃት እንደሆነ በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተዋል ይላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ትምህርት ነው ብዬ ድርቅ አልልም። ያዘነ ሰው በዝግታ ይናገራል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ ይህን ለማወቅ ጎንደር መወለድ አያሻም። ነገር ግን «ይሄ ሐዘን ነው» ብሎ መለየት ሌላ፣ ማዘን ሌላ ነው። ሐዘንተኛን ከመንገድ ማዶ ሆኖ ማወቅና ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ምን አገናኛቸው!

ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የባርሴሎና ተመራማሪዎች ያወጡት አለ፤ ጆሯቸው ደህና የሆነ፣ ዜማ የሚለዩ፣ ገንዘብ ሲያሸንፉ እንደማናችንም ልባቸው የሚመታ፣ በሙዚቃ ግን ምንም የማይሰማቸው ጤነኛ ሰዎች አገኙ። እንዲህ ያለ ሰው እኛም መካከል አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ምናልባት በዚያ የበዓል ዝግጅት ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ ተቀምጧል። ምን ያድርግ ምስኪን!

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በየመንፈቁ አንድ ተማሪ አይጠፋም፤ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣ። «መምህር፣ ይሄ ግጥም ትልቅ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም» ይላል፤ በሽታ እንደሚናገር ሰው ዝቅ ብሎ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ስማው እንጂ!» ብሎ መቆጣት ምን ይጠቅማል? የምሰጠው ሥራ ነበረኝ። ግጥሙን በቃልህ ያዘው፤ ለአያትህ አንብብላቸውና የቱ ቃል ላይ እንደሚያስቆሙህ ንገረኝ፤ ገጣሚው ይህን ሲጽፍ አገሩ ምን ላይ እንደነበር ፈልግ። ሁሉም አልተለወጡም። አንዳንዶቹ ግን ከሳምንታት በኋላ ሲመጡ ፊታቸው ላይ አየው ነበር፤ መናገርም አያስፈልጋቸውም። ከነሱ መካከል ደማቸውን የለወጠ ማንም አልነበረም።

ወደ ወዳጄ ልመለስና፣ እሱ ራሱ ትዝታን ከየት አገኘው? ይህን አውቃለሁ፤ ተማሪ ሳለን አጫውቶኛል። ከአባቱ አይደለም። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ነው ከሚሉት ወገን። እቤታቸው ክራር የሚባል ነገር በሬዲዮም አይሰማም። ወዳጄ የሚሰማው ጎረቤት እየሄደ ነው፤ እትዬ የሚላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ጋ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸውን ያንቀጫቅጫሉ፤ ሬዲዮኑ ከጎናቸው ነው። ዜናም ይምጣ፣ ሌላ ዘፈንም ይምጣ መኪናው አይቆምም። ትዝታ የመጣ ዕለት ብቻ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ ያነሳሉ። መኪናው ይቆማል። ጨርቁን በመዳፋቸው ይዘው ግድግዳውን ያያሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ምንም ሳይሉ ይቀጥላሉ። ልጁ ምን እንደደረሰባቸው አይጠይቅም፤ የዚያን ጊዜ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ትልቅ ሰው አይጠይቅም። ግን የመኪናውን መቆም ተማረ። «ዛሬም ትዝታ ስሰማ መጀመሪያ የሚሰማኝ የዚያ መኪና ዝም ማለት ነው» ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። የገዛ ደሙ የከለከለውን ነው ከጎረቤት የተማረው! ልጁን ግን በደም ይጠይቀዋል። ያቺን የስፌት መኪና ለልጁ ነግሮት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። አልነገረውም። «ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ካሳ ተሰማን ለብቻው፣ ያለ ግድግዳው፣ ያለ ጨርቁ፣ በሰዓት ስልሳ ማይል በሚበር መኪና ውስጥ አስደመጠውና ለምን አላለቀስክም አለው።

ያደገ ሰውስ ይማረዋል ወይ? ይማረዋል፤ በራሱ በር ገብቶ ነው እንጂ። ጌታቸው መኩሪያን አስቡት። በሳክስፎን ሽለላ ያጓራ የነበረ፣ ጎፈሬና ጎራዴ በድምፅ የሚያሳይ ሰው። እኛ ስንሰማው ዘማች ነው የምናየው፤ አያት፣ ፈረስ፣ የአድዋ ወሬ። ፈረንጆች የጥንት ሸክላዎቹን «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ እንደገና ሲያወጡለት ዘማቹን አላዩም፤ እነሱ የሰሙት ፍሪ ጃዝ የሚሉትን፣ ሥርዓት ጥሶ የሚጮኸውን የራሳቸውን ሙዚቃ ነው። «ዘ ኤክስ» የተባሉት የሆላንድ ፓንኮች ደግሞ የራሳቸውን ቁጣ ሰሙበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሱ ጋር «ሞአ አንበሳ» የሚለውን አልበም አወጡ። ከዚያም አብረውት አገር ላገር ዞሩ፤ እዚህም መጥተው ተጫወቱ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ከፓንኮቹ ጋር የነበረው ነገር ቱሪስትነት አልነበረም። በቁጣ በር ገብተው ሽለላው ቤት ደረሱ። የትዝታውን ቅጽ፣ አሥረኛውን፣ ያሳተመው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ለአንባቢዎቹ «ብሉዝ» ብሎ ነው ያስተዋወቀላቸው። የኛ ሰዎች «ትዝታ ብሉዝ አይደለም!» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። አይደለም፤ በር ነው። የጂም ጃርሙሽ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ለስንት ሰው አስተዋወቀ! እዚያ ውስጥ እንኳ ዜማው ከሰማይ አይወርድም፤ ለመንገደኛው ሲዲውን ቀድቶ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው።

እኛ ደግሞ እንዴት እያስተላለፍነው ነው? ልጆቻችንን ይዘን ወደ ባህል ምሽት ቤት እንሄዳለን። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የአገሪቱ ጭፈራ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይጠናቀቃል፤ ትዝታ የሚመጣው ተወዛዋዦቹ ልብስ እስኪቀይሩ ነው። አራት ደቂቃ። ግጥሙ በኪቦርዱ ተውጦ አይሰማም። ሬዲዮ ከፈትን ደግሞ ባለሙያ ተብዬው ትዝታ ለሐዘን፣ አንቺሆዬ ለሠርግ እያለ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ያነብልናል። ትዝታ ቅኝት ላይ ስንት የምናስነካው የጭፈራ ዘፈን እንደተሠራ ረስቶት ነው? ስሜትን በቅኝት ስም ሸምድዶ የያዘ ልጅ ፈተና ያልፋል፤ ሌላ ምንም አያልፍም።

ከሁሉ የሚከፋው የኛ የወላጆች ጆሮ ነው። ያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ የሚያዳምጠው ራፕ ነው። አባቱ «ይሄ ሙዚቃ ነው? ጩኸት እኮ ነው» ይላል። የዘፋኙን ስም አያውቅም። የሚያወራው ስለ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሰፈር እንደተወለደ፣ ወንድሙን ማን እንደገደለበት ጠይቆ አያውቅም። ልጁ ደግሞ ያንን ሁሉ ያውቃል፤ ማታ በሩን ዘግቶ ሲሰማ አንድ ቦታ ላይ ጉሮሮው ይተናነቃል ብዬ ብወራረድ አልከስርም። አባት ለልጁ ጆሮ ሁለት ደቂቃ ሳይሰጥ ለራሱ ትዝታ ሃያ ደቂቃ ይጠይቃል። አያትየውም ክራሩን ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ጨምረው ሰይጣንም አሉት እንጂ።

በነገራችን ላይ ከቤተ ክርስቲያኑና ከለቅሶ ቤቱ ሌላ አንድ ትምህርት ቤት ነበረን፤ ማንም ትምህርት ቤት ብሎ ያልጠራው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት በነበሩት አዝማሪ ቤቶች ያመሹ ሰዎች ያውቁታል፤ ሌላም ቦታ አልጠፋም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በወንበሮቹ መካከል ይዞራል። አንድ ሰው ጣቱን ቀስሮ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ብዙዎቹ ስንኞች ስድብና ቀልድ ናቸው፤ ቤቱ ይስቃል። አልፎ አልፎ ግን ጥግ ላይ ጓደኞቹ ጎትተው ያመጡት፣ ሲያፌዝ ያመሸ አንድ ወጣት ይኖራል። ጠጅዋ ወይ ቢራዋ ትገፋፋውና እሱም «ተቀበል!» ይላል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ስለ አንዲት ልጅ፣ ወይ ስለ ሞተ አባቱ የሆነ ነገር ይላል። ቤት አይመታም፤ ሁለተኛው ስንኝ ይረዝማል። ጓደኞቹ ሊስቁበት ይላሉ። አዝማሪው ግን ለአፍታ ገዝጋዡን ያዘገያል። የረዘመውን ቃል ያወጣል፣ የጎደለውን ያስገባል፣ ዜማው ላይ ይሰፋዋል፤ ከዚያ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ የራሱን ነገር መልሶ ይዘፍንለታል።